በሞቴ

እማማ አፏን ዘጋች። ማንኪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

አያቴን ስትሮክ ከመታት ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ በደንብ አስረድታኝ ነበር፤ ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ የሚሰጣት ወፈር ያለ ይሁን፣ አንዱን ውጣ ሳትጨርስ ሌላ እንዳይጨመር፣ ውሃ ደግሞ እንዲሁ በብርጭቆ እንዳይሰጣት። «ውሃ?» አልኳት። ገንፎው ያስፈራል ብዬ ነበር የማስበው። «ውሃ ይፈጥናል» አለችኝ።

ማታ ማታ ስለ አፍ ማንበብ ጀመርኩ። ኮድ ሲጽፍ የሚውል ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገው ይኼንን ነው፤ ሲስተሙ እንዴት እንደሚሠራ ካወቀ የሚያስተካክለው ይመስለዋል።

ጥርስ ይፈጫል እንላለን እንጂ ዋናዋ ሠራተኛ ምላስ ናት። ጉራሹን ወደ መንጋጋ ትገፋለች፣ ጉንጭ ይመልስላታል፣ ጥርሶቹ ሊገጥሙ ሲሉ ገለል ትላለች። ዕድሜ ልካችንን ስናኝክ ምላሳችንን የነከስንበትን ቀን የምናስታውሰው እኮ ስለሚገርም ነው። ምራቅ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይመነጫል፤ ማራስ ብቻም አይደለም ሥራው፣ አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ስታርቹን እዚያው አፍ ውስጥ ወደ ስኳር መሰባበር ይጀምራል። ዳቦ ሳትውጡ ብዙ ብታኝኩት የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። (ሞክሩት። እኔ ስብሰባ ላይ ካሜራ ዘግቼ ሞክሬዋለሁ።) ምስር ውስጥ ያመለጠች ጠጠር፣ የዓሣ እሾህ፣ ፀጉር፣ ሁሉም እዚያ ይያዛሉ። ከውጭ የመጣን ዳታ ሳይፈትሹ ማስገባት በእኛ ሙያ ነውር ነው፤ አፍ ይኼንን ከእኛ በፊት ያውቀዋል።

ያልለቀቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማኘክ በፈቃድ ነው። ማቆም ይቻላል፣ መትፋትም ይቻላል። የላመው ምግብ ከምላስ ጀርባ ካለፈ በኋላ ግን ማንም አይጠይቃችሁም። ላንቃ የአፍንጫውን መንገድ ይዘጋል፣ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሳል፣ የአየሩ ቧንቧ ይከደናል፣ ትንፋሽ ለአፍታ ይቆማል። አንድ ሰከንድ ገደማ ነው ነገሩ። አየርና ምግብ በአንድ መተላለፊያ! እንዲህ ያለ ዲዛይን ይዤ ብቀርብ ጓደኞቼ አያሳልፉኝም። ጤነኛውም ትን ይለዋል፤ ስትሮክ በመታው ሰው ላይ ደግሞ መከደኛው ሊዘገይ ይችላል፤ ውሃው አይጠብቅም።

ስለዚህ በምግብ ጉዳይ የሰው ፈቃድ የመጨረሻ ቦታው አፍ ነው። እኛ ደግሞ ያንን በር በሌላ ሰው እጅ የምናስከፍት ሰዎች ነን። ጉርሻ እምቢ ማለት ያስቀይማል፤ አንዱን ስትቀበሉ አንድ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይመጣል። በቃኝ ካላችሁ «በሞቴ» አለ። ቃሉን ቆም ብላችሁ ስሙት እስቲ። ሞቴን ነው የሚያስይዘው፤ ለአንድ ጉራሽ ሽሮ! እማማ በዚህ ቃል ነው ያሳደገችኝ። ፈተና የወደቅኩ ቀን በሞቴ፣ ሥራ ያገኘሁ ቀን በሞቴ።

ያን ቀን እኔ አልኳት። «በሞቴ እማማ፣ አንዴ ብቻ።»

ትንሽ አየችኝ። አፏን ከፈተች። አንዴ ብዬ አራት ጨመርኩ፣ ደስ ብሎኝ ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። ማታ እናቴ አፏን ስታጥብላት ገንፎው በደከመው ጎን ጉንጯ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው።

ነርሷ ጋ ደወልኩ። ያ ጎን ስሜቱ ሲቀንስ ምግብ መኖሩንም ላታውቅ ትችላለች አለችኝ፤ ከበላች በኋላ ጉንጯን እዩላት። ሊሆን ይችላል። ግን ደግሞ እምቢ ማለት ስላልቻለች የተቀበለችኝ፣ መዋጥ ስላልፈለገች ያስቀመጠችው ቢሆንስ? መናገር አትችልም፣ ልጠይቃት አልችልም። ሁለቱንም ሳስብ የሚያሳፍረኝ ያው አንድ ነገር ነው፤ አፏ ሲዘጋ መልስ መስጠቷ መሆኑን አውቄ ነበር። አውቄ ነው የማትችለውን ቃል ያመጣሁት።

አክስቴ በዚህ አትስማማም። «የታመመ ሰው በቃኝ ካለ ተብሎ ይተዋል እንዴ? ካልበላች እኮ ትሞታለች» ትላለች። እውነቷን ነው። ሐኪሙም ክብደቷ እየቀነሰ ነው ብሎናል። እንደ አክስቴ እርግጠኛ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ እሷ ስታጎርሳት እማማ አንዳንዴ የተሻለ ትበላለች፣ ይኼንንም ልደብቀው አልችልም።

እኔ አሁን ማንኪያውን ከንፈሯ አጠገብ አድርጌ አቆማለሁ። ከተከፈተ አገባለሁ፣ ጉሮሮዋ ወደ ላይ ከፍ ብሎ እስኪመለስ አያለሁ፣ እንደገና አቆማለሁ። አንድ ሳህን አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼው ነው የምመጣው። ከተዘጋ ትንሽ ቆይቼ አንድ ጊዜ ደግሜ እሞክራለሁ፣ ከዚያ አልለምንም።

የቀረውን እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ እበላዋለሁ። ጨው የለውም። እሷ መንጋጋዬን ታያለች።