በቀዝቃዛ ውሃ የተፈተነች ማንቆርቆሪያ

በአዲስ አበባ ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው የወረሷት አንዲት የሻማ መሥሪያ ቤት ነበረቻቸው። ከዕቃው ሁሉ አብልጠው የሚሳሱላት ሰም ለሚቀዱባት የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ነበር። አባታቸው ሊያርፉ ሲሉ የተናገሩት ምክር አጭር ነው፦ «ውሃ ውስጥ እንጂ እሳት ላይ እንዳትጥዷት።»

ምክሩ ምክንያት አለው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የማንቆርቆሪያዋን መጋጠሚያ የያዘው የቆርቆሮና የእርሳስ ብየዳ ደግሞ መቅለጥ የሚጀምረው 183 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃ ባለው ድስት ውስጥ እስከተቀመጠች ድረስ ሰሙም አያርር፣ ብየዳውም አይለቅ።

ፋሲካ ሲቃረብ ሥራ በዛ። ታናሽየው ውሃው እስኪሞቅ መጠበቅ ታከተውና፣ ታላቁ ገበያ በወጣበት ሰዓት ማንቆርቆሪያዋን ፍም ላይ ጣዳት። ሰሙ ቶሎ ቀለጠ፤ ብየዳው ግን ከሥር ለቀቀና ጠብ ጠብ አለ። ደንግጦ አወረዳት። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ውስጥ ረጋና ፍሳሹ ቆመ። ልጁም ዝም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ታላቁ ከሥሯ የረጋ ሰም አይቶ ጠየቀ።

«ሲቀዳ የተንጠባጠበ ነው፣ ጋሼ።»

ታላቁ አላመነም። ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ ከፍ አድርጎ ያዛት፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። «ጠርጥሬህ ነበር፤ ይቅር በለኝ» አለ። ታናሹም ይቅር አለው።

ከሰዓት በኋላ ሰሙ ሲቀልጥ ስንጥቁን የደፈነውም አብሮ ቀለጠ። ታላቁ ከድስቱ አንሥቶ ሊቀዳ ሲያዘነብላት በሥሯ ዘረገፈችው፤ ፍሙ ላይ ያረፈው ሰም ቦግ ብሎ እጁን ለበለበው። እሳቱን በአመድ አፍነው አጠፉት።

ማንቆርቆሪያዋን ይዘው አንድ ሽማግሌ በያጅ ዘንድ ሄዱ።

«ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ፈትኛት ደህና ነበረች» አለ ታላቁ።

«በቀዝቃዛማ ደህና ያልሆነ ምን አለ፣ ልጄ? ስንጥቁን የደፈነው እኮ ያው ያፈሰሰችው ሰም ነው።»

ሽማግሌው በፈላ ውሃ አጠቧት፤ መጋጠሚያውን ፋቁት፣ አሹት። ስንጥቁ ቀድሞ ከታየው ሰፍቶ ወጣ።

«አባባ፣ አሰፉት እኮ!» አለ ታናሹ።

«ገለጥኩት እንጂ አላሰፋሁትም። ሰም ባለበት ብየዳ አይዝም።»

ታናሹ በጨርቅ የተጠቀለለውን የወንድሙን እጅ አየ። «ጋሼ፣ ፍም ላይ የጣድኳት እኔ ነኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝም እኔ ነበርኩ።»

ታላቁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ድምፁ ከፍ አለ፤ የጠዋቱን ይቅርታ እያነሣ ተቆጣ። ታናሹ ሽማግሌው እንዲገላግሉት ዞር ብሎ አያቸው።

«ተወው፣ ይቆጣ» አሉ መበየጃውን እሳት ውስጥ እየከተቱ፤ «ሳይግል የተያያዘ ነገር በመጀመሪያው ሙቀት ይለቃል።»