የመምህሩ ግለ ሂስና የተማሪው አመኔታ

ማስተማር ዕውቀትን ከአንዱ ወደ ሌላው የማሸጋገር ተግባር ብቻ አይደለም፤ በሌላ ሰው አእምሮ ላይ የሚፈጸም ሥራም ነው። አናጢ የተዛባበትን ጠረጴዛ ፈትቶ እንደገና ይገጥመዋል፤ ሸማኔም የተበጠሰውን ድር ይቀጥላል። መምህር የተሳሳተበት ሕፃን ግን ስሕተቱን ይዞ ያድጋል፤ መምህሩን አምኖ የተቀበለው ነውና መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ እምብዛም የለውም። በመሆኑም መምህር የሚያስተምረውንና የሚያስተምርበትን መንገድ ዘወትር መመርመር አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ የዘዴ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። አምኖ ለሚቀበል ሰው ያልመረመሩትን መስጠት ተገቢ ነውን?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ነባር አባባል መልሱን በከፊል ይሰጣል። ይሁን እንጂ ምክሩ የሚያተኩረው ከጥምጣሙ በፊት ባለው ጊዜ ላይ ነው። ከተጠመጠመ በኋላ መማሩ እንዴት ይቀጥላል? የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ዋነኛ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ በ1910 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሰው በእርግጥ ማሰብ የሚጀምረው ግር ሲለው መሆኑን አስረድቷል። የለመደው አካሄድ ሲሰናከልበት ሰው ቆም ይላል፤ ግምት ያቀርባል፤ ግምቱንም በተግባር ይፈትናል። ዶናልድ ሾን ደግሞ በ1983 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሙያ ዓለም በማምጣት፣ ብቁ ባለሙያ የተማረውን ንድፈ ሐሳብ እንዳለ በሥራ ላይ የሚያውል ሳይሆን በሥራው መካከል እያሰበ ሥራውን የሚያርም መሆኑን አሳየ።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ዕጩ መምህር ክፍልፋይ ሲያስተምር ተማሪዎቹ አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ ይበልጣል ብለው መለሱለት እንበል። «ተሳስታችኋል» ብሎ ትክክለኛውን መልስ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ቢጽፍ ተማሪዎቹ ይገለብጡታል፤ ትምህርቱም ይቀጥላል። ለምን እንዲህ እንዳሉ ቢጠይቃቸው ግን 8 ከ4 ስለሚበልጥ ነው ይሉታል። ያን ጊዜ ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ ሳይሆን ምክንያት ያለው ሆኖ ያገኘዋል። ከዚህ አልፎ ራሱን ቢጠይቅ፣ ቁጥር ሲጨምር መጠን ይጨምራል የሚለውን ልማድ ሳያፈርስ ወደ አዲሱ ርዕስ መግባቱን ይረዳል። በማግስቱ አንዱን እንጀራ ለ4፣ ሌላውን ለ8 ቆርሶ ቁራሾቹን ጎን ለጎን ያሳያል። አንጸባራቂ አስተሳሰብ የሚባለው ነገር ከዚህ የራቀ ምሥጢር የለውም፤ የተማሪውን መልስ ስለ ራስ ሥራ እንደ ቀረበ ማስረጃ አድርጎ ማንበብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በግልጽ መቀመጥ ይኖርበታል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. «ሂስና ግለ ሂስ» የሚለው ቃል በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ነበር። ሐሳቡ በመሠረቱ ሰው ጉድለቱን በግልጽ ተመልክቶ እንዲታረም የሚጋብዝ ነው። ነገር ግን ሂሱ በስብሰባ ፊት በሚቀርብበትና ዳኛው ውጤቱን አስቀድሞ በሚያውቅበት ጊዜ፣ ተናጋሪው የሚፈልገው እውነቱን ሳይሆን የሚጠበቅበትን ኑዛዜ ነው። እንዲህ ያለው ግለ ሂስ ጥፋትን ያናዝዛል እንጂ ማሰብን አያስተምርም። መምህሩ ስለ ሥራው የሚያካሂደው ምርመራ በሦስት ነገር ከዚህ ይለያል፤ የሚመረመረው ሰውየው ሳይሆን ሥራው ነው፤ ማስረጃው የአለቃ አስተያየት ሳይሆን የተማሪው መረዳት ነው፤ መልሱም ከምርመራው በፊት አይታወቅም።

ይህ አሠራር ከውጭ የመጣ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ምሥጢሩንና ሰዋስዉን ፈትሾ ያርመዋል። ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ያሳካ ተማሪ ደረጃ በደረጃ ወደ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ይሸጋገራል። ከንባብ ቤት በተለየ፣ በቅኔ ቤት የሌላውን ቃል በቃል መድገም አያስመሰግንም፤ ተማሪው የራሱን ማምጣትና ያመጣውንም በጉባኤ ፊት ማስመርመር ይገደዳል። እርግጥ ነው፣ የቅኔ ቤት ምርመራ በሃይማኖቱ ዶግማ ክልል ውስጥ የሚካሄድ በመሆኑ ሁሉን ነገር አይጠይቅም። ሆኖም መታረም ውርደት ሳይሆን የዕለት ተዕለት ሥራ የሆነበት ቤት መሆኑ የማይካድ ነው።

ዘመናዊው ሥልጠና ጉዳዩን ሳያውቀው አልቀረም። በ1995 ዓ.ም. የተዘጋጀው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ መርሐ ግብር ሥራውን የሚመረምር መምህር ማፍራትን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጓል፤ ለአሠልጣኞች የተዘረጋው የከፍተኛ ዲፕሎማ ሥልጠናም ከዚሁ ሐሳብ ይነሣል። በነዚያው ዓመታት ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። ሥርጭቱ በራሱ ፍጥነት ይነጉዳል፤ መምህሩ የሚቀሩት ጥቂት የመግቢያና የማጠቃለያ ደቂቃዎች ነበሩ። በአንድ በኩል «አስብ» የተባለው መምህር በሌላ በኩል የሚያስብበትን ጊዜ ተነጠቀ። ቴሌቪዥኑ ግራ የተጋባን ተማሪ ፊት አያይም፤ ያየው መምህርም ሥርጭቱን ማቆም አይችልም ነበር። ኃላፊነት ያለ ሥልጣን ሲሰጥ ምርመራው ወደ ቅጽ መሙላት ይወርዳል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ አኃዝ ምክንያቱን በራሱ አይናገርም። ተማሪው፣ ወላጁ፣ መምህሩ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ እያንዳንዳቸው በጥቅሉ ሊወቀሱ ይችላሉ፤ ጥቅል ወቀሳ ግን ማንንም ወደ ሥራው አይመልስም። አኃዙ ዕውቀት የሚሆነው እያንዳንዱ መምህር በየክፍሉ ምን እንዳልተረዱለትና ለምን እንዳልተረዱለት ሲጠይቅ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ 60 እና 70 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ በአነስተኛ ደመወዝ፣ ምርመራ ቅንጦት ነው የሚል ነው። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ መምህሩን ብቻ የሚወቅስ ሰውም ይህን ሊመልስ ይገባል። ዳሩ ግን የመምህሩን ኑሮና የክፍሉን ጥበት ማሻሻል የመንግሥትና የኅብረተሰቡ ዕዳ መሆኑ የአንዱን ተማሪ «ለምን እንዲህ አልህ?» የሚል ጥያቄ አያስቀርም። ሁለተኛው፣ ራሱን የሚጠራጠር መምህር ይናቃል የሚል ሥጋት ነው። ተማሪ የሚንቀው ግን የማያውቀውን እንደሚያውቅ የሚያስመስለውን ነው። ምክንያቱን የሚገልጽና ሲሳሳት የሚያርም መምህር ክብሩ በዕውቀቱ ላይ ስለሚመሠረት ጥያቄ አያናውጠውም።

ከዚህ የሚከተለው ለማሠልጠኛ ተቋማት ከባድ ግዴታ ነው። ሂሳዊ አስተሳሰብን በቃል እያስጠና የሚፈትን አሠልጣኝ የሚያስተምረው ቃሉን እንጂ ነገሩን አይደለም። አሠልጣኙ ትምህርቱን በዕጩዎቹ ፊት ለጥያቄ ካላቀረበ ዕጩዎቹ ነገ የእርሱን ድርጊት እንጂ ንግግሩን አይከተሉም። ዕጩው ጉድለቱን በጻፈ ቁጥር ነጥብ የሚቀነስበት ወይም ጽሑፉ በግል ማኅደሩ የሚቀመጥበት ከሆነ ድካሙን መደበቅ ይማራል። ስለዚህ ነጥብ የሚሰጠው ለኑዛዜው ብዛት ወይም ለእንከን የለሽነቱ ሳይሆን፣ ከተማሪዎቹ ላመጣው ማስረጃና ከማስረጃው ተነሥቶ ለለወጠው ሥራ ሊሆን ይገባዋል።

መምህር እንዳይሳሳት የሚጠይቅ ሕግ የለም፤ ቢኖርም የሚፈጽመው አይገኝም። ተማሪው አምኖ ሲቀበል ግን መምህሩ አንድ ውል ገብቷል፤ የሰጠውን ለምን እንደ ሰጠ የመመለስ፣ መልስ ሲያጣም ሥራውን እንደገና የማየት ውል ነው። የማሠልጠኛ ተቋማት ዓላማ ዕጩውን ይህን ውል ለመፈጸም ማብቃት ነው።