ከፀሐይ ቀድማችሁ ውጡ

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ተመድባችሁ ወደ ቆላችን የወረዳችሁ አስተማሪዎች፣ ነርሶችና የባንክ ሠራተኞች፣ ለሥራ መመላለሻ ሳይክል ልትገዙ ማሰባችሁን ሰምቻለሁ። ግዙ። ቤንዚን በጠፋ ቁጥር የባጃጅ ሒሳብ ይዘላል፤ አንዳንድ ቀን ባጃጁም አይገኝም። መሬታችን ደግሞ እንደ ጎንደር ዳገት ልብ አያፈርስም። ነገር ግን ባሕር ዳር የለመዳችሁትን አነዳድ እዚያው ትታችሁት ኑ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሐይቅ ታቅፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የእኛዋ መተማ ዮሐንስ ግን ከ800 ሜትር በታች ናት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቷ 40 ዲግሪ ያልፋል። እዚህ ሰውን የሚጥለው ከርቀቱ ይልቅ ሰዓቱ ነው።

ስለዚህ ሥራ የሚገባው በ2፡30 ቢሆንም በ2 ሰዓት ከቤት የሚወጣ ሰው አልቆለታል። ገና ማለዳ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። እንደ ውድድር አትርገጡ፤ ቀስ ብላችሁ ንዱና ቀድማችሁ ድረሱ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ አጣጥፋችሁ የያዛችሁትን ሸሚዝ ቀይሩ፣ ሻይ ጠጡ። ምሳ ለመብላት ቤት ደርሶ መመለስ የሚባለውን ተዉት፤ ምሳ ቋጥሩ። ይህን ስል የሚያኮርፍ እንዳለ አውቃለሁ፤ የቤት ምሳና ከምሳ በኋላ ያለችው ሸለብታ ለቆላ ሰው ትልቅ ነገር ናት። ቢሆንም የ7 ሰዓት ፀሐይ አማላጅ የላትም። ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ ብዙ ካላባችሁ ጨውና ስኳር ቆንጠር አድርጋችሁ ጨምሩበት። ራሳችሁን ወቅሮ ከያዛችሁ፣ ላባችሁ ደርቆ ቆዳችሁ ከጋለ፣ ነገር ከተምታታባችሁ ወዲያው ውረዱና ጥላ ፈልጉ፤ ልብሳችሁን አርጥቡ፤ ሰው ጥሩ። በዚያ ሰዓት ጉብዝና አያዋጣም።

ክረምት ሌላ ዓለም ነው። ዋልካው ከጎማውና ከፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ሲጠቀጠቅ ጎማው መዞር ያቆማል። ሳይክሉ ላይ የምትቀመጡበት ወራት እንዳሉ ሁሉ እሱም ትከሻችሁ ላይ የሚቀመጥበት ወር አለ፤ ተቀበሉት። እኔ ሰኔ ሲገባ ፓራፋንጎ አስወልቃለሁ፤ ልብሴ ይረጫል እንጂ መንገድ ላይ አልቀርም። ወንዝ ከሞላ ግን ጭቃ ቀልድ ነው፤ እስኪጎድል ቁሙ። በበጋ ያው ዋልካ ይሰነጠቃል፤ ቀጭን ጎማ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ይጥላችኋልና ሰፊ ጎማ ምረጡ።

ኩርንችት የሁልጊዜ ጎረቤታችሁ ነው። ጎማው ላይ ተሰክቶ ስታዩት ቸኩላችሁ አትንቀሉት፤ ቀዳዳውን ራሱ ደፍኖ ጎሚስታው ዘንድ ሊያደርሳችሁ ይችላል። ያረጀ ካላማዳሪ ቆርጣችሁ ከጎማው ሥር አንጥፉ፤ ብዙ እሾህ እዚያው ይቀራል። ፖምፓና ማስቲሽ ከቦርሳችሁ አይጥፋ። ሳይክላችሁን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አታቁሙት፤ ሙቀቱ የተለጠፈውን ያላቅቃል፣ ጎማውንም ያፈነዳል።

ማታ ስትመለሱ ደክሟችሁ ግራር ሥር ጋደም ማለት ያምራችኋል። ቀን ከሆነ ደግ ነው፤ ከመሸ ግን አይሆንም። ካላዛርን የምታስተላልፈው ትንሿ ዝንብ የምትኖረው በዚሁ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ነው፤ የምትናከሰውም በአብዛኛው በጨለማ ነው። አካባቢያችን በዚህ በሽታ በአገሪቱ ከሚታወቁት ቦታዎች ዋናው ነው። ብዙ ሳሉግ (ወቅታዊ ሠራተኛ) ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ፣ ሜዳ ላይ አድሮ፣ ታሞ ተመልሷል።

ከጎንደር የሚመጣው አስፋልት የጭነት መኪና መንገድ ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ስንት ሺህ ሰው በዚሁ በሱዳን ድንበር በራችን እንደገባ እኛው ያየነው ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ደግሞ ትራክተሩና አይሱዙው ይጨመራሉ። ጥጋችሁን ያዙ፤ የመኪና ኋላ ይዞ መንሳፈፍን ለልጆች ተዉ፣ እነሱንም ከልክሏቸው። ከከተማ ወጣ የሚል መንገድ ካለባችሁ ጠዋት ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ጊዜው አይታመንም። ሳይመሽ ግቡ።

የሚያፌዝ አይጠፋም፤ «ዲግሪ ይዞ በሳይክል?» ይላል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ለሴቶች ልጆቼ ደግሞ፦ የሚያጉረመርም ሽማግሌ ካለ ወደ እኔ ላኩት። ቀሚሳችሁ ግን ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ጠበቅ አድርጉት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ደስታውስ? ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሰሊጥ አብቦ ሳለ ማለዳ ንዱና ንገሩኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ አቧራ እንጂ ሽታው አይገኝም። ቡና የምታፈላዋም፣ በጉን የሚነዳውም ስማችሁን ጠርተው ሰላም ይሏችኋል፤ እንግድነታችሁ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ወር ሲያልቅ ደግሞ ለእናት የሚላክ ብር ኪሳችሁ ውስጥ ይተርፋል።

ስትገዙ ለቀለሙ አትከራከሩ። ሁለቱንም ፍሬን ያዙና ግፉት፤ ቸርኬውን አሽከርክራችሁ ከተወላገደ ዋጋ አስቀንሱ፤ የኋላ መጫኛው ብረት ይሁን፣ ሰው ታሳፍራላችሁና።