የኢዩኤል መለከት በቁምስናው ደጅ

ነቢዩ ኢዩኤል በ2ኛው ምዕራፍ በጽዮን መለከት እንዲነፋ፣ ጾም እንዲቀደስ፣ ሕዝብ እንዲሰበሰብ፣ ሽማግሌው ከሕፃኑ፣ ጡት የሚጠባው ሳይቀር እንዲመጣ፣ ሙሽሮቹም ከጫጉላቸው እንዲወጡ አዘዘ። ነጠላ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ተምቹ ያስተረፈውን አንበጣው፣ አንበጣው ያስተረፈውን ኩብኩባው እየተቀባበለ ምድሪቱን ስለ ጨረሳት ምሕላ ያዙ ሲል ነው። በ2012 ዓ.ም. አንበጣ ማሳው ላይ ሲያርፍ ያየ ገበሬ ለዚህ ሐተታ አያሻውም። እንለፈው።

መለከት ንፉ አለ፤ አዋጅ ንገሩ ሲል ነው። አንድም፦ ደውሉን ደውሉ። አንድም፦ ስበኩ፤ ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ ስለ ጾም ሊናገር ሲነሣ ድምፁን እንደ መለከት ከፍ እንዲያደርግ ታዟልና።

ሐተታ። ምነው ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ስትመጸውት በፊትህ መለከት አታስነፋ ብሎ የለምን? ቢሉ፦ ብሏል። በላቲን ሥርዓት በሚቀደስባቸው በእነ ሐረር፣ መቂ፣ ሶዶና ሆሳዕና አብያተ ክርስቲያናት በአመድ ረቡዕ ሁለቱም በአንድ ቅዳሴ ይነበባሉ። ኢዩኤል ንፉ ሲል ተሰምቶ ብዙም ሳይቆይ ወንጌሉ አታስነፋ ይላል፤ ከዚያ ምእመኑ ግንባሩን ለአመድ ይሰጣል። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን በአንድ ቀን ያስነበበችው አውቃ ነው። የኢዩኤል መለከት ሕዝብ ይጠራል፤ ጌታ የከለከለው መለከት የሰጪውን ስም ይጠራል። ጥሪው በአደባባይ፣ ስጦታው በስውር ይሁን ማለት ነው።

ይህን የምለው ስላየሁ ነው። በጾም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ገና ቅዱስ ቁርባን ተቀብሎ ሳይወጣ፣ አቶ እገሌ ይህን ያህል ሺህ፣ ወይዘሮ እገሊት ይህን ያህል ሺህ እየተባለ ዝርዝር ሲነበብ፣ በየስሙም ሲጨበጨብ ሰምቻለሁ። በኋላ ወንበር ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ሃምሳ ብር ለመፍታት የጀመረች እናት ጭብጨባውን ስትሰማ መልሳ ስትቋጥረው ማየት ልብ ይሰብራል። ጌታ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም አየ፣ ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ አስረዳቸው፣ ስሟን ግን አልነገራቸውም፤ እስከ ዛሬም አናውቀውም። ሀብታሞቹም ስማቸው አልተጻፈም። ያንን ዝርዝር የሚያዘጋጁ የቁምስና ምክር ቤት አባላት ይህን የመበለቲቱን ታሪክ ደጋግመው ያንብቡት። ለሕንፃ ማሠሪያ ሰው በዚህ ካልተቀሰቀሰ አይሰጥም የሚሉኝ አሉ። እንግዲያስ ሕንፃው ይዘግይ።

ሕዝቡን ሰብስቡ አለ። በየቤት መጾም አይቻልምን? ቢሉ፦ ይቻላል፤ ጾሙ ግን የማኅበር ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ የዐቢይ ጾም ንስሐ በውስጥና በግል ብቻ እንዳይቀር፣ በውጭም በማኅበርም እንዲታይ አዟል። በግእዝ ሥርዓት የምንጾም ካቶሊኮች ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና ሳምንቱን በስሙ እየጠራን የምንዘልቀውም ለዚሁ ነው፤ መፃጉዕን ብቻውን የሚጾም የለም። መፃጉዕ ራሱ 38 ዓመት ታምሞ በቤተ ሳይዳ የተኛው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነውና።

አንድም፦ ለመስቀሉ መንገድ ሰብስቡ። በየዓርቡ የሚደረገው የፍኖተ መስቀል ጸሎት ይህ ነው። ማረፊያዎቹ 14 እንዲሆኑ እ.ኤ.አ. በ1731 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ቀሌምንጦስ 12ኛ ወሰኑ። በ5ኛው ላይ የቀሬናው ስምዖን አለ። ይህ ሰው ወድዶ አልተሸከመም፤ ከገጠር ሲመጣ ያዙት። ማርቆስ ግን የእስክንድሮስና የሩፎስ አባት ብሎ ያስተዋውቀናል፤ ልጆቹን አንባቢው ያውቃቸው ነበርና። ጳውሎስም በሮሜ 16 ሩፎስን የእናቱንም ነገር ያነሣል፤ ያ ሩፎስ ይህ ነው የሚሉ አሉ። እንዲህ ከሆነ አባትዬው ተገድዶ የጀመረው መንገድ ቤተሰቡን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን አስገኘ። ዓርብ ማታ እናቱ ጎትታ ያመጣችውን ጎረምሳ፣ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ሲነካካ ብታዩት አትቆጡት።

አንድም፦ የተረፈውን ሰብስቡ ሲል ነው። እኔ የምይዘው ይህን ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። ጌታ በዮሐንስ ምዕራፍ 6 አምስት ሺህ ሰው ካበላ በኋላ ቁርስራሹ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ 12 መሶብ ሞላ። በጾም ከማዕዳችን የሚጎድለው ምግብ ቁርስራሽ ነው። አልበላነውም፤ ታዲያ የት ሄደ? ከጠፋ ትእዛዙ ፈርሷል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ2ኛው መቶ ዘመን በሮም የኖረው ሄርማስ፣ ኖላዊ በተባለው መጽሐፉ፣ የምትጾም ሰው በዚያ ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስበህ ለመበለት፣ ለድሀ አደግ ወይም ለተቸገረ ስጥ፤ የተቀበለውም ጠግቦ ስለ አንተ ይጸልያል ብሎ ያስተምራል። ልብ በሉ፤ ዋጋውን አስብ አለ እንጂ የምትችለውን ያህል ስጥ አላለም። ይህን መጽሐፍ አባቶቻችን ወደ ግእዝ መልሰውት ነበር። አንትዋን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ1860ም በላይፕዚግ ታተመ። ጉንዳ ጉንዴ ያለው በአጋሜና በኢሮብ ተራሮች ነው። በዚያው በኢሮብ ምድር፣ በአሊቴና፣ አቡነ ያዕቆብ የምንለው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ የካቶሊክ ማኅበር አቁሟል። እርሱም ያረፈው በዚያው በ1860 ነው። ይህ ትምህርት ከፈረንጅ መጣብን የሚል ቢኖር መጽሐፉ በደጃችን ተኝቶ ነበር ብላችሁ መልሱለት።

ከሮም ሊቃነ ጳጳሳትም በ5ኛው መቶ ዘመን የነበረው ታላቁ ልዮን በጾም ስብከቶቹ ምእመኑ ከራሱ የከለከለው ለድሀው ማዕድ እንዲሆን ደጋግሞ ይመክራል። በዘመናችንም የጀርመን ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1958 ሚዜሬዎር የተባለውን የጾም ምጽዋት ድርጅት ሲያቋቁሙ መነሻቸው ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ አለንታውን፣ በአፍሪካ ሳህል ድርቅ ስለ ገባ ምእመናን ከጎደለው ማዕዳቸው የሚጥሉባትን የካርቶን ሳጥን በገበታቸው መካከል አኖሩ፤ የሩዝ ሳህን ይሏታል። ከሚሰበሰበው ሩቡ በሀገረ ስብከታቸው ላሉ ችግረኞች ይቀራል፣ ሦስቱ እጅ ውጭ አገር ይሻገራል። ሳጥኗ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አለመቀመጧን እወድላታለሁ። በር ላይ ሰው ያየናል፤ በገበታ ላይ የሚያየን ምግቡ ነው።

ድሀስ ከምኑ ይሰበስባል? ቢሉ፦ በዚያው በ2ኛው መቶ ዘመን አርስጢደስ የተባለው የአቴና ፈላስፋ ለሮም ንጉሠ ነገሥት በጻፈው የእምነት መከላከያ ይህን መልሶታል። ክርስቲያኖች በመካከላቸው የተቸገረ ሲገኝ፣ የሚተርፋቸውም ከሌለ፣ ሁለት ሦስት ቀን ጾመው ስንቁን ያሟሉለታል ይላል። እንግዲህ ይህ ድሀ ለድሀ ሲጾም ነው። እኛ ቢያንስ ጾመን የተረፈንን እንስጥ ተባልን፤ እነርሱ እንዲተርፋቸው ጾሙ።

አሁን ወደ እኛ ጾም እንምጣ። ሥጋውን ትተን በውድ ዓሣ፣ ቅቤውን ትተን በውድ ዘይት፣ ማዕዱ ከፍስኩ ሲበልጥ አያለሁ። ዓሣ የበላ ኃጢአት ሠራ አላልሁም፤ የላቲን ሥርዓት ሕግም ዓሣን አይከለክልም። ነገር ግን የጾሙ ሳምንት ወጪ ከፍስኩ ሳምንት ወጪ ከበለጠ ሄርማስ አስቡ ያለን ሂሳብ ከዜሮ በታች ወረደ፤ መበለቲቱ ከእኛ የሚደርሳት ሳይሆን ለእኛ የምታዋጣው ሊመጣ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የተረፈውን ለፋሲካ በግ ያጠራቅመዋል። ይህስ ምሳን ወደ እራት ማሸጋገር ነው።

የሚያስመሰግን ነገር የለም እንዳይባልብኝ፣ በአንድ ቁምስና ያየሁትን ልናገር። ዓርብ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ እናቶች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስሩን በሰፌድ ይለቅማሉ፤ ጠጠሯን በአውራ ጣት ገፋ አድርገው ወደ ጠርዙ ያወጧታል፤ እፍ ይላሉ፤ ሰፌዱን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርገው ይቀጥላሉ። ንፍሮው በትልቁ ብረት ድስት ከጠዋት ጀምሮ ተጥዷል፤ ስንዴው ሲፈነዳ ባቄላው ይጨመራል። የፍኖተ መስቀሉ ጸሎት ሲያበቃ ቆሞሱም፣ መምህሩም፣ በደጅ የተቀመጠው ነዳይም ከአንድ ድስት በአንድ ዓይነት ሳህን ይበላሉ። ለነዳያን ተብሎ የተለየ ሳህን የለም። አንዲት እናት፣ የተለየ ሳህን ካወጣን እኛ አበላን እንላለን፤ አብረን ከበላን ግን በላን ነው የምንለው ስትል ሰምቻታለሁ። ሊቃውንቱ በዚህ ላይ ሌላ ሐተታ ቢያመጡ አልጠላም፤ ከዚህ የሚበልጥ ግን አላገኘሁም።

ቤታቸው ለቀሩት ደግሞ የቅዱስ ቪንሴንሲዮ ማኅበርተኞች ሁለት ሁለት ሆነው ይዘውላቸው ይሄዳሉ። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1833 በፓሪስ ከጓደኞቹ ጋር የጀመረው ፍሬድሪክ ኦዛናም ያኔ የ20 ዓመት ተማሪ ነበር። ሁለት መሆናቸው ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ስለ ላከ ነው። አንድም፦ አንዱ እቃውን ሲያስቀምጥ ሌላው ቁጭ ብሎ እንዲጫወት ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ እህሉን ሳይሆን ጨዋታውን ይጠብቃልና። በጾም ጊዜ እየጨመረ የሚሄደው የጎብኚው ቁጥር ከፋሲካ በኋላ ለምን እንደሚመናመን ማኅበራቱ ራሳቸው ይመርምሩት።

ሽማግሌዎቹን ሰብስቡ አለ፤ ምክራቸው ስለሚያሻ።

ጡት የሚጠቡትን አለ። ጡት የሚጠባ ምን ይጾማል? ቢሉ፦ በነነዌስ ከብቱ መች ኃጢአት ሠርቶ ጾመ? ሕፃኑ የተጠራው እንዲጾም አይደለም፤ እንዲቆጠር ነው። በላቲን ሥርዓት ሕግ ከሥጋ የመከልከል ግዴታ ከ14 ዓመት፣ የጾም ግዴታ ከ18 እስከ 59 ዓመት ይይዛል። ከዚያ ያነሰውና ያለፈው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ የምታጠባዋ፣ የስኳር በሽተኛው ከጾሙ ነጻ ናቸው፤ ከጉባኤው ግን ነጻ አይደሉም። መድኃኒቱን በምግብ መዋጥ ያለበት ሰው ተሸማቅቆ በጾም ወራት ከቤተ ክርስቲያን ሲርቅ አይቻለሁ፤ ማን እንዳሸማቀቀው እኛው እናውቃለን። ለእርሱ ቅዱስ ቁርባን ይዞ ደጁን የሚያንኳኳ ካህን ኢዩኤልን ፈጸመ።

አንድም፦ ጡት የሚጠቡት ለትንሣኤ ሌሊት ጥምቀት በጾሙ ወራት ትምህርተ ክርስቶስ የሚማሩት ንዑሰ ክርስቲያን ናቸው፤ ጴጥሮስም አዲሶቹን በወተት መስሏቸዋል።

ሙሽራው ከእልፍኙ ይውጣ አለ። ሠርግ አይደረግ ማለት ነው። አንድም፦ ሙሽራ ክርስቶስ ነው፤ ከአባቱ እልፍኝ ወጥቶ ወደ ገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀን ሊጾም ሄደ፤ ሙሽራይቱም ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ተከትላው ወጣች። ዳዊትም በመዝሙሩ ፀሐይን ከእልፍኙ በሚወጣ ሙሽራ መስሎታል።

ካህናቱ በአጸዱና በመሠዊያው መካከል ያልቅሱ አለ። ስለ ሕዝቡ ይማልዱ ሲል ነው። አንድም፦ አስቀድመው ስለ ራሳቸው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 2014 ር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ምእመናንን ሊያናዝዙ ወደ ተዘጋጀላቸው ስፍራ ሲሄዱ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ወደ ሌላው ታጠፉና በአንድ ተራ ካህን ፊት ተንበርክከው ተናዘዙ። በእኛም ከሰሙነ ሕማማት በፊት ለማኅበር ንስሐ ካህናት ከጎረቤት ቁምስናዎች ተጠራርተው ሲመጡ፣ ሰልፉ እስኪደርስ በዕቃ ቤቱ ጥግ አንዱ ለሌላው ይናዘዛሉ።