ያረጀ ቀበቶ፣ ያረጀ ታጋይ

ክርክሩ የተነሣው በአንዲት ግስ ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት፣ «ቲም ስቶርም የሚባል ዕድሜው ከ50 ያለፈ አሜሪካዊ ታጋይ የዓለም ሻምፒዮንነትን አሸንፎ ነበር» ብሎ ቢያወራ፣ የላይኛው አልጋ ላይ የተጋደመው ጓደኛችን ሳቀበት። «አሸነፈ አትበል፤ ሰጡት በል! ማን እንደሚወድቅ አስቀድመው ተነጋግረው የሚገቡበት ነገር ምኑ ነው ማሸነፍ?» አለው። ሁላችንም ሳቅን፤ ተኛን። ጥያቄው ግን አብሮን አልተኛም። በማግሥቱ ምሳ ሰልፍ ላይ ቀጠለ፤ ሳምንቱን ሙሉ ቀጠለ፤ እነሆ ዛሬ ወረቀት ላይ ወጣ።

«ታጋይ» ስንል ሪንግ ውስጥ የሚታገለውን ሰው ማለታችን ነው፤ ሌላውን ፍቺ አንባቢ ለጊዜው ይተውልን። ዘመኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ ጥቂት እንበል። በ1948 ዓ.ም. ዋተርሉ በምትባል የአዮዋ ከተማ ጥቂት የትግል አዘጋጆች ተሰብስበው ናሽናል ሬስሊንግ አላያንስ የሚባል ማኅበር መሠረቱ። አገሩን ተከፋፈሉት፤ አንዱ በሌላው ክልል ላይገባ ተስማሙ። የጋራ የሆነው ሻምፒዮኑ ብቻ ነበር። ይህ ሰው ሻንጣውን ይዞ ከክልል ክልል እየዞረ፣ በየደረሰበት የአካባቢውን ጀግና ይገጥማል። የትግሉ ውጤት አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ለሻምፒዮንነት የሚመረጠው ሰው ማንም አልነበረም። እንዲያውም በአንድ ወቅት የ25,000 ዶላር መያዣ ያስይዝ ነበር፤ ቀበቶውን መልስ በተባለ ቀን አልመልስም እንዳይል! ከ1973 ጀምሮ ታጋዮቹ የታጠቁትን ባለ ሉል ቀበቶ ሰዎች «አሥር ፓውንድ ወርቅ» ይሉታል። እነ ሉ ቴዝ፣ ዶሪ ፈንክ፣ ጃክ ብሪስኮ፣ ሃርሊ ሬስ፣ ደስቲ ሮድስ፣ ሪክ ፍሌር የያዙት ማዕረግ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የመውደቅ ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ የኒው ዮርኩ ድርጅት በቴሌቪዥን ኀይል የሁሉንም ክልል ወረሰው። በ1993 ትልቁ የቀረው አባል ማኅበሩን ጥሎ ወጣ። በ1994 ነሐሴ ወር ደግሞ ፊላደልፊያ ውስጥ ሼን ዳግላስ የሚባል የ29 ዓመት ወጣት ለዚሁ ማዕረግ በተዘጋጀ ውድድር አሸናፊ ከሆነ በኋላ፣ ቀበቶውን በሕዝብ ፊት መሬት ላይ ጣለው። የሞተ ድርጅት ማዕረግ አልፈልግም ማለቱ ነበር። ሕዝቡም አጨበጨበለት። እኛም እዚያ ብንሆን ሳናጨበጭብ አንቀርም ነበር፤ በዚያ ዕድሜ አሮጌ ነገር ሲጣል ማየት ደስ ይላል።

ቀበቶው ግን አልጠፋም። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከትንሽ አዳራሽ ወደ ትንሽ አዳራሽ ሲንከራተት ቆይቶ፣ በ2016 ጥቅምት ወር ሸርማን በምትባል የሰሜን ቴክሳስ ትንሽ ከተማ ቲም ስቶርም ጃክስ ዴንን ጥሎ ታጠቀው። ስቶርም በዚያን ጊዜ ታዋቂ ሰው አልነበረም። የዕለት እንጀራው መምህርነት ነበር፤ ትግሉን ሲያካሂድ የኖረው በትንንሽ መድረኮች ነው። ልብ በሉ፤ ቀበቶውን የጣለው ወጣትና ከ22 ዓመት በኋላ የታጠቀው ሽማግሌ የአንድ ትውልድ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ውጤቱ በስምምነት የሆነ፣ ማዕረጉም ዋጋው የወረደ፣ ሰውየውም ጉልበቱ የከዳው ከሆነ፣ እዚህ ውስጥ ክብር የሚባል ነገር አለ? ወይስ ሦስት ባዶዎች ተደምረው ባዶ ሆኑ?

አርስጣጣሊስ ለኒቆማኮስ በተባለው የሥነ ምግባር መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ፣ ክብር የሕይወት ግብ ሊሆን አይችልም የሚልበት አንድ ምክንያት አለው፤ ክብር ያለው ከተቀባዩ ይልቅ በሰጪዎቹ ዘንድ ነውና። ጓደኛችን ይህን ባነበብን ጊዜ «ይኸው! እኔስ ምን አልኩ?» ብሎ ፎከረ። ግን አንድ ነገር ዘነጋ። አርስጣጣሊስ ይህን የሚለው ስለ ሬስሊንግ አይደለም፤ ስለ ክብር ሁሉ ነው። የሎሬቱ ሽልማት፣ የጄኔራሉ ኒሻን፣ የመምህሩ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ፣ ሁሉም አንድ ኮሚቴ የሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የወሰነው ነው። የሬስሊንግ ቀበቶ ልዩነቱ ይህን አለመደበቁ ነው፤ በተለይ በ1989 የኒው ዮርኩ ድርጅት ራሱ በኒው ጀርሲ ምክር ቤት ፊት ሥራችን መዝናኛ ነው ብሎ ከመሰከረ ወዲህ።

ደግሞ በአማርኛችን ይህን የሚለይ ቃል አለን። ድል አለ፤ ሹመት አለ። ድልን ሰው ይነጥቃል፤ ሹመትን ሰው ይቀበላል። የስቶርም ነገር ሹመት ነው ብንል እንስማማለን። ሹመት ያዳብር እንለዋለን እንጂ እሰይ ድል አደረግህ አንለውም። ግን ሹመት ማለት ባዶ ማለት ነው? ሹም የሚመዘነው እንዴት እንደተሾመ ብቻ ሳይሆን በሹመቱ ምን እንደሠራበት፣ ሲሻርም እንዴት እንደወረደ ጭምር ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንቱ እንደሚኖርበትም እናያለን። ስቶርም በሸርማን የተቀበለው ሹመት ግን የሚበላ ነገር አልነበረውም። ገንዘቡም ዝናውም ቀድሞ ተበልቶ አልቆ፣ ሳህኑ ብቻ ነው የቀረው።

ሮላን ባርት የሚባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሬስሊንግ የጻፈውን ድርሰት ከመካከላችን አንዱ አግኝቶ አነበበልን። ባርት ሬስሊንግ ስፖርት ሳይሆን ትርኢት ነው ይላል፤ ተመልካቹም ተነጋግረውበት ይሆን አይሆን ግድ የለውም። በቦክስ የሚቆጠረው ታሪኩ፣ ማለት ማን ወደ ማሸነፍ እየሄደ እንደሆነ ነው፤ በሬስሊንግ ግን እያንዳንዷ ቅጽበት በራሷ ሙሉ ናት። የሥቃይ ቅጽበት፣ የበቀል ቅጽበት፣ የፍትሕ ቅጽበት። አፋችንን ከፍተን ነው የሰማነው፤ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ኋላ ግን ተጠራጠርነው። ባርት ያየው ትግል ትናንትም ነገም የሌለው ነው። ቀበቶው ግን ትናንትን ተሸክሞ ነው ወደ ሪንግ የሚገባው፤ ከዚህ በፊት ማን ያዘው፣ ማን ጣለው፣ ማን አነሣው የሚል ታሪክ አለው። የሚያረጅ ሰውነትም እንዲሁ ነው። ቁጣን ይተውኑታል፤ ሥቃይንም፣ ሽንፈትንም ይተውኑታል። ሃምሳ ዓመትን ግን ማንም ሊተውነው አይችልም። የሪንጉ ወለል ከሥስ ምንጣፍና ከሸራ በታች ሣንቃ ነው፤ ከሣንቃው በታች ብረት። በስምምነትም ይሁን ያለ ስምምነት የወደቀ ጀርባ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ወድቆ የሚነሣበትና የሃምሳ ዓመት ሰው ወድቆ የሚነሣበት ጊዜ እኩል አይደለም። ይህንን ደግሞ ማንም አዘጋጅ አስቀድሞ አይጽፈውም።

ስለዚህ «ሁሉም ውሸት ነው» የሚለው የጓደኛችን አነጋገር እዚህ ላይ ይሰበራል። ውሸት የሆነው ውጤቱ ነው። ዋጋው፣ ማለት ሰውነቱ የሚከፍለው፣ እውነት ነው።

ጓደኛችን ግን በቀላሉ የሚረታ ልጅ አይደለም። በሌላ በር ገባ። «እሺ፣ ይክፈል። ግን ሽማግሌ ቀበቶ ይዞ በተቀመጠ ቁጥር አንድ ወጣት ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ይሄ ፍትሕ ነው?» አለን። ይህ ከመጀመሪያው ይበልጥ ከባድ ጥያቄ ነው፤ እኛም ራሳችን ደጅ ከሚቆሙት ወገን ስለሆንን ያመናል። ለእርሱ የሚረዳ ምሳሌም አለ። ሪክ ፍሌር ይህንን ቀበቶ ከ1981 ጀምሮ ደጋግሞ የያዘ፣ ከሁሉ የገነነ ሰው ነው፤ በ2022 ሐምሌ ወር በ73 ዓመቱ፣ በፔስሜከር በሚታገዝ ልቡ፣ ናሽቪል ውስጥ የመጨረሻዬ ነው ያለውን ትግል ታገለ፤ መካከል ላይም ራሱን ስቶ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናገረ። ያንን ትግል ያየን ሰዎች አልተደሰትንም። መውረድ ያቃተው ሰው ነው ያየነው።

ነገር ግን ሉ ቴዝ ደግሞ አለ። በ1937 ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ የመጀመሪያውን የዓለም ማዕረግ የያዘው ቴዝ፣ በጥር 1963 በ46 ዓመቱ ቶሮንቶ ላይ ከበዲ ሮጀርስ ይህንኑ ሻምፒዮንነት ተረከበ። ለምን እርሱ? ሮጀርስ በሰሜን ምሥራቅ አዘጋጆች እጅ የነበረ ሰው ነው፤ የቀሩት አባላት ቀበቶው ወደ እነርሱ እንዲመለስ ፈለጉ፤ ምናልባት ሮጀርስ እሺ ባይልስ? ለዚህ ነው ስምምነቱ ቢፈርስ በእውነት ጥሎ ሊያስር የሚችለውን ሽማግሌ የላኩት። የሰሜን ምሥራቆቹም ውጤቱን አንቀበልም ብለው የራሳቸውን ሻምፒዮን አቆሙ፤ ኋላ ሁሉን የወረሰው ድርጅት መነሻ ያ ነው። ቴዝ ቀበቶውን ሦስት ዓመት ጠብቆ በ1966 ጥር ለጂን ኪኒስኪ አስረከበ። ቴዝ ያን ጊዜ የማንንም ወጣት ቦታ ያዘ ብለን አናምንም። አደራ ነው የጠበቀው።

እዚህ ላይ በሬስሊንግ ውስጥ ብቻ ያየነው አንድ ነገር አለ፤ መሸነፍ ሥራ ነው። ሥራ ብቻም አይደለም፣ ስጦታ ነው። ወጣቱ ትልቅ የሚሆነው የሚጥለው ሰው ስላለ ነው፤ የሚጣለውም ሰው ክብደት ሊኖረው ይገባል፤ ባዶ ጆንያ ቢጥሉ ማን ያደንቃል? እንግዲህ ሻምፒዮን ሆኖ የመቆየት ትልቁ ኀላፊነት፣ በምትሻርበት ቀን መሻርህ ለሌላው የሚጠቅም እንዲሆን ራስህን ማክበድ ነው። በ2017 የሙዚቃ ሰው ቢሊ ኮርገን ማኅበሩን ሲገዛ ከስሙና ከቀበቶው ብዙም ያልተረፈ ነገር ነበር የገዛው፤ ሻምፒዮኑም ይኸው መምህር ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 9 ቀን ኒው ጀርሲ ውስጥ ስቶርም ቀበቶውን ለ31 ዓመቱ እንግሊዛዊ ለኒክ ኦልዲስ ለቀቀ። ዘጠኝ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መስከረም 1 ቀን 2018፣ ቺካጎ አጠገብ ከ10,000 በላይ ሕዝብ በተሰበሰበበት አዳራሽ ኦልዲስ ያንኑ ቀበቶ ይዞ ገባ፤ የወሰደበትም ኮዲ ሮድስ ነው፤ አባቱ ደስቲ ሦስት ጊዜ የያዘውን ማዕረግ!

አንዳንዶቻችን «እንግዲህ ክርክሩ አለቀ፤ የሽማግሌው ድካም ፍሬ አፈራ» አልን። አላለቀም። ይህ ከውጤት ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። የቺካጎው አዳራሽ ባይሞላስ ኖሮ? ቀበቶው ከኒው ጀርሲ በኋላ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ቢቀርስ ኖሮ? ያን ጊዜ የሸርማኑ ምሽት የሞኝ ሥራ ይሆን ነበር ማለት ነው? በእኛ ግምት አይሆንም። ስቶርም በ2016 ኮርገን እንደሚመጣ አያውቅም፤ የኮዲን ስም ከቀበቶው ጋር የሚያያይዝበት ምክንያት አልነበረውም። እጁ ላይ የነበረው ሌሎች የጣሉት ነገር ነው። ያንን እንደ ተጣለ ነገር ሊይዘው ይችል ነበር፤ እንደ ቴዝ ቀበቶ ያዘው። ክብር በሰጪዎቹ ዘንድ ነው የሚለው አርስጣጣሊስ ለዚህች ነጥብ መልስ ያለው አይመስለንም፤ እዚህ ሰጪው ራሱ ደኽይቷልና። ተቀባዩ ነው የሰጠው።

ይህ ነገር እኛን ለምን እንዲህ አሳሰበን? ሳምንት ሙሉ ስለ አሜሪካ ሬስሊንግ የሚከራከር የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪ ሌላ ሥራ የለውም ወይ የሚል አለ። አለን ሥራ። በሚቀጥለው ዓመት ጥቁር ካባ ለብሰን ዲግሪ እንቀበላለን። በአባቶቻችን ዘመን ዲግሪ የያዘ ሰው ሥራ አይፈልግም ነበር፤ ሥራው ነበር እርሱን የሚፈልገው። ዛሬ ዲግሪውን ፍሬም አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ከእናቱ የታክሲ ሳንቲም የሚጠይቅ ስንት ወንድም አለን! ከመካከላችን እንደ ዳግላስ መድረኩ ላይ ወጥቶ ወረቀቱን መጣል የሚያምረው አይጠፋም። ንዴቱን አንነቅፍም፤ ዳግላስም ማኅበሩ ሞቷል ሲል ከእውነት የራቀ አልነበረም። የሞተውን ማዕረግ ምን እናድርገው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እርሱን መጣሉ አይመልሰውም።

ስቶርም ከኦልዲስ ጋር አንድ ጊዜ ደግሞ ተጋጥሟል። በ2019፣ አትላንታ ውስጥ በአንድ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ፣ ከተሸነፈ ኦልዲስ ሻምፒዮን እስካለ ድረስ ዳግመኛ ለቀበቶው ላይጠይቅ ውል ገብቶ ነበር። ተሸነፈ። ይህም አስቀድሞ የተነጋገሩበት ነው። ያንን ትግል ማታ ላይ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተደርድረን አየነው፤ የላይኛው አልጋ ጓደኛችንም ወርዶ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌው ተሸንፎ ሲነሣ ማንም አልተናገረም። ጓደኛችን ወደ አልጋው ሲወጣ፣ «አሁንም አሸነፈ አልልም» አለ። ቆየት ብሎም ከላይ፣ «ግን ሰጡት ማለቴን ትቻለሁ» አለን።

ታዲያ ምን እንበል ብለን ብንጠይቀው መልስ አልሰጠንም፤ መብራቱም ጠፋ።