ጨዋታና ደመወዝ

ከሐዋሳ ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ የቆመው የታቦር ተራራ ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ ተውሶ ከተማይቱን ቁልቁል ይመለከታል። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዘቅዘቅ ስትጀምር በግርጌው ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ። ግቡ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ዳኛ የለም፤ ሰዓቱን የሚወስነው ጨለማ ነው። ሲመሽ አንድ አባት ብቅ ብሎ ልጁን ይጣራል። «ተጫውተህ ልትበላ ነው?» ይለዋል። ይህ አባት በታቦር ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ኳስ የሚንከባለልበት ሠፈር ሁሉ የእርሱን ቢጤ አያጣም። አነጋገሩ የቁጣ ስለሆነ መልስ አይጠብቅም። ቁጣው ተገፎ ሲታይ ግን ከባድ ጥያቄ ነው። ሰው ተጫውቶ ሊበላ ይገባዋልን? የበላስ እንደሆነ ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ ይቀራልን?

በአማርኛ ኳስም ይጫወቱታል፤ ክራርም ይጫወቱታል፤ ተዋናይ በመድረክ ይጫወታል፤ ሁለት ሽማግሌዎችም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጫወታሉ። ቋንቋው እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል ማሰሩ እንዲያው በከንቱ አይመስልም። የሚያገናኛቸው ማንም ሳያስገድድ፣ ለሌላ ነገር መሣሪያ ሳይሆኑ፣ ለራሳቸው ሲባል የሚደረጉ መሆናቸው ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለወጉ ሒሳብ ቢጠይቅ ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል። እንግዲህ የአባትየው ቁጣ ከቃሉ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ በነፃ የሚደረገውን ነገር እንዴት እንጀራ ታደርገዋለህ ነው ነገሩ።

አዝማሪው ይህን ፍርድ ከሁሉ ቀድሞ ቀምሶታል። ያለ እርሱ ሠርግ አልደመቀም፤ ጦር ሲዘምት አብሮ ዘምቷል። ይሁን እንጂ ግንባሩ ላይ ብር በተለጠፈለት ቁጥር ክብሩ ይቀንስ ነበር። በትርፍ ጊዜው በገና የሚደረድር መኮንን በባለሙያነቱ ሲመሰገን፣ ሌሊቱን ሙሉ ማሲንቆ የሚገዘግዘው ግን ከለማኝ ተቆጠረ። በጣቶቻቸው መካከል ይህን ያህል ልዩነት አልነበረም። ልዩነቱ የአንደኛው እራት ከርስቱ፣ የሁለተኛው ከማሲንቆው መምጣቱ ነው።

ይህን ነገር በግልጽ አንሥቶ የተጣላበት፣ በጥሉም ጨዋታውን ለሁለት የከፈለ አገር እንግሊዝ ነው። የዐድዋ ጦርነት ስድስት ወር ሲቀረው፣ በነሐሴ 1887 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1895)፣ በሰሜን እንግሊዝ በሀደርስፊልድ ከተማ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ ከ20 የሚበልጡ የራግቢ ክለቦች ከነባሩ ማኅበር ተለዩ። ራግቢ እንቁላል መሰል ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትና የሚታገሉበት ጨዋታ ነው። የመለየታቸው ምክንያት ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ በቀን 6 ሽልንግ ነው። የሰሜኑ ተጫዋቾች በብዛት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜ የሥራ ቀን ስለነበረ፣ ለግጥሚያ ከሥራው የቀረ ሠራተኛ ደመወዙ ይቆረጥበታል። ክለቦቹ የጠየቁት ይኸው የተቆረጠው እንዲካስ ብቻ ነው። ማኅበሩ ግን ገንዘብ ጨዋታውን ያረክሰዋል በማለት እምቢ አለ። ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት በታላላቅ ትምህርት ቤቶች ያደጉ፣ ቅዳሜን ሲጫወቱ ቢውሉ ከኪሳቸው አንዲት ሽልንግ የማትጎድል ሰዎች ናቸው። የጠበቁት ንጽሕና እነርሱን ምንም አላስወጣቸውም።

ተለይተው የወጡትም ቢሆኑ ነገሩ ወዲያው አልጠራላቸውም። በ1898 እ.ኤ.አ. ደመወዝን ሲፈቅዱ፣ ተጫዋቹ ከኳስ ሌላ የታወቀ ሥራ እንዲኖረው ግዴታ ጣሉበት። ግዴታውን ያነሡት በ1905 ነው። የታቦሩ አባት በእነርሱም ጉባኤ አንድ ወንበር ነበረው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ወገን የበቀለው ጨዋታ ኋላ ራግቢ ሊግ ተባለ። ከቀደምት ባለደመወዝ ተጫዋቾቹ አንዱ ሃሮልድ ዋግስታፍ በ1906 ለሀደርስፊልድ ሲፈርም ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ 5 የወርቅ ፓውንድ ተቆጠረለት። በ1914 የብሪታንያን ቡድን በአምበልነት መርቶ ሲድኒ ላይ ከአውስትራሊያ ጋር ሲገጥም፣ ጓደኞቹ እየተጎዱ ወጡ። ተቀያሪ አይፈቀድም ነበርና በአንድ ወቅት 10 ሆነው ከ13 ጋር ተፋለሙ፤ 14 ለ 6 አሸነፉም። የዚያን ዕለቱን ነገር በፓውንድ እተምናለሁ የሚል ካለ ይሞክረው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ነባሩ ማኅበር ወታደር ለሆኑት የሊግ ተጫዋቾች በሩን ከፈተ፤ ዋግስታፍም ከጦር ክፍሉ ቡድን ጋር ከዚያው ወገን ተሰልፎ ተጫወተ። ሰላም ሲወርድ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ለሞት አብሮ የሚሰለፍ፣ ለጨዋታ ግን የማይነካ ሰው ሆነ! ነባሩ ማኅበር ደመወዝን የፈቀደው በ1995 ነው፤ ከተለያዩ ልክ በ100ኛው ዓመት። ዋግስታፍ ይህን አላየም። ኳሱን ከተወ በኋላ መጠጥ ቤት ይዞ ሲሠራ ኖሮ በ1939 በ48 ዓመቱ ሞተ።

በኢትዮጵያ ጥሉ በጉባኤ አልታየም፤ በደመወዝ መዝገብ ውስጥ ተሸሽጎ ነው የኖረው። ፋብሪካው፣ ጦሩ፣ ፖሊሱ፣ መብራት ኃይሉ የየራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። ተጫዋቹ በመዝገቡ ላይ መካኒክ ወይም ወታደር ወይም መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ለኳስ ተብሎ የሚከፈለው የለም፤ ኳስ ባይችል ግን ሥራውን ላያገኘው ይችል ነበር። ማንም የዋሸበት፣ ማንም እውነቱን የተናገረበት ውል አይደለም።

ሉቺያኖ ቫሳሎ የዚያ ዘመን ሰው ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሥመራ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ፤ ያደገው በእናቱ እጅ ነው። በወጣትነቱ በምድር ባቡር መካኒክ ሆኖ ሠርቷል። ኋላም ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ሕዝቡ «ኮተን» ለሚለው፣ ተሰለፈ። የሀደርስፊልድ ራግቢና የድሬዳዋ እግር ኳስ ሁለቱም ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደጃፍ መብቀላቸው የሚገርም አይደለም፤ ብዙ ወጣት በአንድ ደወል የሚገባበትና የሚወጣበት ሥፍራ ቡድን ለመሥራት ያመቻል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የኢትዮጵያ ቡድን በተጨማሪ ሰዓት ግብፆችን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ባገኘ ጊዜ፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ነበር። ወንድሙ ኢታሎ ግብ አስቆጥሯል፤ መንግሥቱ ወርቁ የመጨረሻዋን።

ያ አምበል በ1978 እ.ኤ.አ. ከአገር ወጥቶ ጣሊያን ገባ፤ በ2022 እስኪሞትም ድረስ የኖረው በዚያው ነው። በ2000 በጣሊያንኛ ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማዬ፣ ይኸው ገንዘቡ» ማለት ነው። አንባቢ በዚህ ርዕስ ላይ ጥቂት ቢቆም አይቆጭም። ከንጉሠ ነገሥት እጅ ዋንጫ የተቀበለ ሰው፣ ለትዝታው ስም ሲያወጣ ዋንጫውን አልመረጠም። እናትና ገንዘብን በአንድ መስመር አስቀመጠ። ለነባሩ የእንግሊዝ ማኅበር ይህ ርዕስ የርኩሰት ማስረጃ በሆነ ነበር። ብቻዋን ልጅ ያሳደገች እናት ግን የልጇን ብር ስትቀበል ጨዋታ ረከሰ ብላ ልታስብ አትችልም። ጤፉ ተገዛ ነው የምትለው።

ከዚያው የ1954 ቡድን ጎን በአሠልጣኝነት ቆመው የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በዚህ ጉዳይ በተቃራኒው ወገን ነበሩ፤ ክርክራቸውንም አቃልሎ ማለፍ አይገባም። ከ1972 እስከ ሞቱበት 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሩ፣ የአህጉሩ ስፖርት ለነጋዴ እንዳይገበር፣ ባለተሰጥኦው ሁሉ ወደ አውሮፓ እንዳይነጉድ ተከራክረዋል። በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር በውጭ ከሚጫወቱ ልጆቹ ከ2 በላይ እንዳያሰልፍ የሚያዝ ደንብም ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ነበር። የይድነቃቸው ንጽሕና የእንግሊዝ ባላባቶች ንጽሕና አይደለም። የእነዚያ ድኻውን ከሜዳ ማስወጫ ነበር፤ የእርሳቸው ድኻው አህጉር ልጆቹን እንዳይዘረፍ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው መሆናቸውን ማስታወስ እዚህ ላይ ደስ ይላል። የአባት ጨዋታ በሸክላ ሆኖ ገበያ ወጣ፤ ልጅ ጨዋታ ገበያ እንዳይወጣ ዕድሜውን ፈጀ። ከሁለቱ አንዱን አሳስቶ ሌላውን ማጽደቅ የሚቻል አይመስልም።

ምናልባት ስሕተቱ «መሸጥ» የሚለውን ቃል አንድ ነገር ብቻ አድርጎ ከማየት የመጣ ነው። ደመወዝ የሚገዛው ጊዜን ነው፤ የማለዳ ልምምዱን፣ ከቤት ርቆ የሚያድርበትን ሌሊት፣ የጉልበቱን ሕመም። ሜዳ ላይ የሚሆነውን ግን አይገዛም። እርሱን የሚገዛው ጉቦ ነው። የጉቦ ተጫዋችና የደመወዝ ተጫዋች ሁለቱም ብር ቆጥረው ይቀበላሉ፤ የመጀመሪያው ግን ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ሲጫወት ውሎ አልተጫወተም። አዝማሪውም ምሽቱን ሸጦ ግጥሙን ለራሱ ሊያስቀር ይችላል። ከፍሎ ያስገባውን ጌታ በዚያው ምሽት በሰምና ወርቅ የወጋ አዝማሪ ጥቂት አይደለም። ከመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ባለቅኔስ? እርሱም በየወሩ መጨረሻ ሲፈርም የሸጠው ጊዜውን ይሁን ቃሉን፣ ብዕሩን ሲያነሣ ያውቀዋል።

ጥር 13 ቀን ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ሁለተኛ ጊዜ የተመለሰው በ2005 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባው ድል በ51ኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት፣ በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት፣ ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ የወጣበት የኢትዮጵያ ቡድን በ10 ሰው የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጥሞ 1 ለ 1 ተለያየ። ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ ለኢትዮጵያ የተቆጠረችውን የመጀመሪያ ግብ ያገባው አዳነ ግርማ ነው፤ የሐዋሳ ልጅ፣ በሐዋሳ ከተማ ክለብ ተጫውቶ ያደገ። ያ ክለብ በ1990 ዓ.ም. የተመሠረተውን ፕሪሚየር ሊግ በ1996 ሲያሸንፍ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ያወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ በ1999ም ደገመው። የአዳነ ትውልድ እንደ ሉቺያኖ ከመካኒክነት ስም ጀርባ አልተሸሸገም። ተጫዋች ተብሎ ፈረመ፤ ተጫዋች ተብሎ ተከፈለው። መዝገቡ እውነቱን ተናገረ።

እውነቱ በመነገሩ ግን ጥያቄው ቦታውን ቀየረ እንጂ አልሞተም። ደመወዙ እያደገ ሄዶ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ለአንድ ተጫዋች የወር ጣሪያ 50,000 ብር ብለው እስከ መወሰን ደረሱ። በዚያን ጊዜ የአንድ መምህር የወር ደመወዝ ከዚህ ስንት እጅ እንደሚያንስ መምህራን አንባቢዎች ያለ ሰሌዳ ያሰሉታል። ፊደል ያስቆጠረ እጅ ከኳስ መቺ እግር አንሶ መገኘቱ ያናድዳል፤ ቢያናድድም ትክክል ነው። ሆኖም ንዴቱ ወደ ልጁ ሲወረወር ዒላማውን ይስታል። የተጫዋች የሥራ ዘመን ብዙ ጊዜ ከ10 እና ከ15 ዓመት አያልፍም፤ አንድ ክፉ ግጭት ደግሞ በአንድ ከሰዓት ሊጨርሰው ይችላል። ጡረታው ላይ ማንም አያጨበጭብም።

ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነው። የሀደርስፊልዱ ዋግስታፍ ደመወዙ የሚመጣው በመግቢያው በር ሳንቲም ከሚጥለው ተመልካች ነበር፤ ሊያየው የፈለገ ከፈለ፣ ያልፈለገ ቤቱ ቀረ። የኢትዮጵያ ክለቦች አብዛኞቹ ግን በከተማና በመሥሪያ ቤት በጀት የሚኖሩ ናቸው። ኳስ አይታ የማታውቀው በታቦር ግርጌ ጉሊት የምትቸረችር እናት ሳታውቀው ከፍላለች። ለሉቺያኖ እናት የመጣው ብር ንጹሕ ከሆነ፣ ከዚህችኛይቱ እናት ሳትጠየቅ የሄደው ብር ምን ይባላል? የእንግሊዞቹ ክርክር እዚህ ላይ አይረዳም፤ እነርሱ የተጣሉት ተጫዋቹ መቀበል ይገባዋል ወይ በሚለው እንጂ የሚከፍለው ማነው በሚለው አልነበረም። ከተማ ለደስታዋ፣ ለስሟ፣ እንደ 1996ቱ ያለ ቀን ለማየት በጀት ብትመድብ ኃጢአት የለውም፤ ለቴአትር ቤትም ትመድባለችና። ነገር ግን የመደበችውን ያህል ለሜዳውና ለታዳጊው፣ ለተሰበረውም ጉልበት ብታስብ፣ ጉሊቷ እናት ቢያንስ ልጇ በድንጋይ ግብ መካከል ከመጫወት ይድንላት ነበር። እስካሁን ብሩ በብዛት የሚፈስሰው ለአንድ ዓመት ፊርማ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደ አባትየው። እሑድ ደርሷል። ልጁን በእጁ ይዞ ስታዲየሙ በር ላይ ተሰልፎ ትኬት ቆርጧል፤ በወጉ ከፍሏል። ሁለተኛው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ አጥቂ ባዶ ግብ ፊት ኳሷን ወደ ሰማይ ሰደዳት። አባትየው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋና ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ።

«ለዚህ ነው ደመወዝ የምትበላው?»

ልጁ ቀና ብሎ አባቱን አየው፤ ከዚያም ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ።