መስረቅ የማይቻልበት ጨዋታ

በራቤል ሜዳ እረኛ ገበጣ ሲጫወት ጉድጓዱን መሬት ላይ ይቆፍራል፤ ጠጠሩን በእጁ ይዘራል። አንዷን ጠጠር በጣቶቹ መሀል ማስቀረት ይችላል እኮ! ሳይሰርቅ ሲጫወት ጨዋ እንለዋለን።

ዛሬ ቅኔ ጌምስ የተባለ የአዲስ አበባ ድርጅት ገበጣን ለስልክ ሠርቶታል። ደግ አደረገ። ነገር ግን ጠጠሩን የሚቆጥረው ስልኩ ነው፤ ማጭበርበር ከቶ አይቻልም። ለመሆኑ መስረቅ የማይችል ሰው ታማኝ ይባላል ወይ?

ጓደኞቻችን «ጨዋታ ነው፣ ምን አስጨነቃችሁ?» ይሉናል። እረኛው ግን ማመንን የሚለምደው እዚያው ጉድጓዱ ዳር ነው፤ የባላጋራውን ጣት እያየ፣ አንዳንዴም አይቶ እንዳላየ እያለፈ። ሞስኮ ውስጥ የተፈጠረውን ቴትሪስ አንከስም፤ እሱ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው የተሠራ ነው። ገበጣ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ታዲያ ስልኩ ዳኛ ሆኖ መሀል ሲገባ ሁለቱን ምን ያስተያያቸዋል?